እጅ አሰጣጥን መማር፦ ለብራዚል ጂዩ ጂትሱ ጀማሪዎች መመሪያ

ጂም ውስጥ 100 ኪሎ ከደረቱ ላይ የሚገፋ ጎልማሳ በመጀመሪያው የጂዩ ጂትሱ ሳምንቱ 55 ኪሎ የምትመዝን ሰማያዊ ቀበቶ ሴት ትገጥመዋለች (የቀበቶው ደረጃ ከነጭ ጀምሮ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ቡናማና ጥቁር ነው)። በአንድ የ5 ደቂቃ ዙር ሦስት አራት ጊዜ ታንቆ እጅ ይሰጣል። ይህ በየትኛውም ደህና ማሠልጠኛ የሚታይ ነው፤ እንግዳ የሚሆነው ለሰውዬው ብቻ ነው። ጉልበቱ ለምን እንዳልጠቀመው የሚነግረው ካላገኘ ወይ እልህ ይይዘውና ክርኑን ያስጎዳል፣ ወይ በሦስተኛው ሳምንት ይቀራል። ሁለቱም ያሳዝኑናል፤ ሁለቱንም ማስቀረት ይቻል ነበርና። ከዚህ በታች ያለው ከመጀመሪያው ዙር እስከ ስድስተኛው ወር ድረስ ሽንፈትን እንዴት ተቀብሎ ወደ ሥራ መለወጥ እንደሚቻል የሚያሳይ ነው።

ጉልበታም ጀማሪ ለምን ይሸነፋል?

ጥበቡ የተቀረጸው ትንሹ ትልቁን መሬት ላይ እንዲያሸንፍ ነው። ጃፓናዊው የጁዶ ሰው ሚትሱዮ ማኤዳ እ.ኤ.አ. በ1914 ብራዚል ገባ፤ የእሱን ትምህርት የቀሰመው የግሬሲ ቤተሰብ የመሬቱን ትግል አጠናክሮ የራሱ አደረገው። በ1993 ዴንቨር ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው ዩኤፍሲ፣ የተለያዩ የፍልሚያ ስልቶች በሚገጥሙበት ውድድር፣ 80 ኪሎ ገደማ የነበረው ሮይስ ግሬሲ ከእሱ የከበዱ ሦስት ሰዎችን በአንድ ምሽት እጅ አሰጥቷል። ስለዚህ ከእናንተ የቀለለ ሰው ሲያሸንፋችሁ የተበላሸ ነገር የለም፤ ጥበቡ እየሠራ ነው።

የጀማሪ ሽንፈት አብዛኛውን ጊዜ ከአራት ነገሮች ይመጣል። አንደኛው ትንፋሽ ነው። ጀማሪ ሲጫኑት ትንፋሹን ያፍናል፣ ጥርሱን ይነክሳል፣ ሁሉንም ጡንቻ በአንዴ ይወጥራል፤ ዙሩ ሳይጋመስ ባዶ ይሆናል። ሁለተኛው አያያዝ ነው። ኮሌታውን ወይም እጅጌውን ሙጭጭ አድርጎ ይይዝና አይለቅም፤ ክንዱ ይደነድናል፣ ጣቶቹም አልታዘዝ ይላሉ። ሦስተኛው ጀርባ መስጠት ነው፤ ከጭንቀት ለመሸሽ ፊቱን ወደ ምንጣፉ ያዞርና አንገቱን ለማነቆ ያጋልጣል። አራተኛው፣ ከሁሉም የከፋው፣ የተጫነን ሰው በተዘረጋ እጅ መግፋት ነው። ከስር ሆኖ የተዘረጋ ክንድ ለአርምባር፣ ክርንን ቀጥ አድርጎ ለሚቆልፈው ዘዴ፣ የተሰጠ ክንድ ነው። ከአራቱ አንዱም በጉልበት ማነስ የሚመጣ እንዳልሆነ ልብ በሉ። እንዲያውም ጉልበት ያለው ሰው ስህተቱን ረዘም ላለ ጊዜ ይደጋግመዋል።

ከመጀመሪያው ዙር በፊት

የእጅና የእግር ጥፍር ይቆረጥ፣ ቀለበትና የጆሮ ጌጥ ይውለቅ። የልምምድ ልብሱ፣ ጊ የሚባለው፣ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ይታጠብ፤ አንድ ቀን ቦርሳ ውስጥ የዋለ ጊ ለራስም ለሰውም በሽታ ነው። ጭርት ወይም ያበጠና መግል የያዘ ቁስል ካያችሁ እስኪድን ምንጣፍ ላይ አትውጡ። ከልምምዱ በፊት ሁለት ሰዓት ያህል ከባድ ምግብ አትብሉ።

አጋር አመራረጥ ላይ አብዛኛው ጀማሪ ይሳሳታል። ሐምራዊና ቡናማ ቀበቶ ያለውን ፈርቶ እንደ እሱ ነጭ ቀበቶ ወዳለው እኩያው ይሄዳል። በእኛ እምነት አደገኛው እኩያው ነው፤ ሁለቱም እልህ አላቸው፣ ሁለቱም መቼ መልቀቅ እንዳለባቸው አያውቁም። በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ከፍ ያለ ቀበቶ ካለው ሰው ጋር እንዲያጣምሯችሁ አሠልጣኙን ጠይቁ። ዙሩ ከመጀመሩ በፊትም አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ገና ሁለተኛ ሳምንቴ ነው፣ ቀኝ ትከሻዬን ያመኛል።»

እጅ አሰጣጥ

በቋንቋችን «እጅ ሰጠ» የሚለው የጦር ሜዳ ሽታ አለው፤ ብዙ ሐበሻ ሠልጣኝ ላይም የሚከብደው ለዚህ ይመስለናል። ምንጣፍ ላይ ግን ትርጉሙ «ገብቶኛል፣ ልቀቅና እንደገና እንጀምር» ማለት ብቻ ነው። በአንድ ዙር አምስት ጊዜ እጅ የሰጠ ሰው አምስት ጊዜ እንደገና ጀምሯል። አንዴ እንቢ ብሎ ክርኑን ያስጎዳው ግን ወራት ያጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመዳፋችሁ የአጋራችሁን ገላ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠበቅ አድርጋችሁ ምቱ። ምንጣፉን መምታትም ይቻላል፣ ነገር ግን ሙዚቃና ጫጫታ ባለበት ክፍል አጋራችሁ ላይሰማው ይችላል፤ ገላው ላይ ሲሆን ይሰማዋል። አንድ ጊዜ ብቻ መንካት እንቅስቃሴ ሊመስል ስለሚችል አይበቃም። ሁለቱም እጆቻችሁ ከተያዙ ጮክ ብላችሁ «ታፕ!» በሉ፣ ወይም በእግራችሁ ምንጣፉን ደጋግማችሁ ምቱ። ከሕመም የወጣ ጩኸትም እንደ እጅ መስጠት ይቆጠራል።

መቼ? ሕመሙ ከመምጣቱ በፊት። እንደየመቆለፊያው ግን ይለያያል፦

አርምባር ላይ ክንዳችሁ ቀጥ ብሎ ተዘርግቶ፣ ክርናችሁ የተጋጣሚው ዳሌ ላይ አርፎ፣ አውራ ጣታችሁ ወደ ላይ ሲያይ ጊዜው ደርሷል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው እሱ ዳሌውን ማንሳቱ ብቻ ነው፣ የሚጎዳውም የክርን ጅማት ነው።

«ኪሙራ» እና «አሜሪካና» የሚባሉት የክንድ መቆለፊያዎች ትከሻን ይጠመዝዛሉ። እጃችሁ ወደ ጀርባ ወይም ወደ ራስጌ ሲሄድ ትከሻችሁ መከተል ካልቻለ ንኩ።

ማነቆ ሁለት ዓይነት ነው። ጉሮሮን የሚጫነው ያማል፣ ያስላል፤ ስለዚህ ሰው ቶሎ እጅ ይሰጣል። በአንገት ግራና ቀኝ ያሉትን የደም ሥሮች የሚዘጋው ግን ብዙም አያምም። በትክክል ከተያዘ 10 ሰከንድ ገደማ ውስጥ፣ አንዳንዴም ቀድሞ፣ ራስን ያስታል። ጆሮ እንደ መጮህ ሲል፣ ዓይን ጠበብ ሲል ዘግይታችኋል። «እስካሁን አላመመኝም፣ ልታገሥ» የሚል ሐሳብ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው፤ አትስሙት።

የእግር መቆለፊያ ላይ ከሁሉም በላይ ፍጠኑ። ተረከዝን የሚጠመዝዘው ሂል ሁክ የጉልበት ጅማት የሚበጥሰው ሕመሙ በደንብ ሳይሰማ ነው። በዓለም አቀፉ የብራዚል ጂዩ ጂትሱ ፌዴሬሽን ደንብ ነጭ ቀበቶ ላለው አዋቂ ከእግር መቆለፊያዎች የሚፈቀደው ቀጥተኛው የቁርጭምጭሚት ቁልፍ ብቻ ነው። ማንም ተረከዛችሁን ይዞ ማዞር ከጀመረ ሳትሽከረከሩ ወዲያው ንኩ፣ ከዙሩ በኋላም ለአሠልጣኙ ንገሩ።

ኪሙራ የሚለው ስም ከየት እንደመጣ ማወቅ ለጀማሪ ይጠቅማል። ጥቅምት 23 ቀን 1951 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ሪዮ ዴ ጄኔሮ በሚገኘው ማራካና ስታዲየም፣ ኤልዮ ግሬሲ ከጃፓናዊው የጁዶ ሻምፒዮን ማሳሂኮ ኪሙራ ጋር ገጠመ። ኪሙራ ክንዱን ቆልፎ ሰበረው፤ ኤልዮ እጅ አልሰጠም፣ ፎጣ የወረወረው የራሱ ወገን ነው። ብራዚሎቹ ከዚያ በኋላ ያንን መቆለፊያ ባሸነፋቸው ሰው ስም ጠሩት፤ ዛሬም በየቀኑ ያስተምሩታል። ከታሪኩ የሚወሰደው ይህ የኋለኛው ክፍል ነው። ክንድ ማስሰበሩ በስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ፊት የተደረገ የአንድ ሰው ምርጫ ነበር፤ ማክሰኞ ማታ ልምምድ ላይ ምክንያት የለውም።

ሲጫኗችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

በመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራችሁ ማሸነፍ አይደለም፤ በቀላሉ አለመጨፍለቅ ነው። ስለዚህ ከማነቆና ከመቆለፊያ በፊት ማምለጫ ተማሩ።

ማውንት ማለት ተጋጣሚው እንደ ፈረስ ተፈናጥጧችሁ ደረታችሁ ላይ ሲቀመጥ ነው። መጀመሪያ ክርኖቻችሁን ከጎድን አጥንታችሁ ጋር አጣብቁ፣ አገጫችሁን ወደ ደረት ሰብስቡ፣ በአፍንጫ ተንፍሱ። ሦስት ሙሉ ትንፋሽ እስክትወስዱ ምንም አትሞክሩ። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. ከሁለት እጆቹ አንዱን ምረጡ። በአንድ እጃችሁ አንጓውን፣ በሌላው ከክርኑ ከፍ ብሎ ይዛችሁ ደረታችሁ ላይ አጣብቁት።
2. በዚያው ወገን ያለውን የእግሩን ጫፍ በእግራችሁ ከውጭ በኩል ቆልፉት። እጁም እግሩም በአንድ ወገን ካልታሰሩ ተደግፎ ይቆማል።
3. ሁለቱንም ተረከዞቻችሁን ወደ መቀመጫችሁ አስጠጉ። እግር ከራቀ ዳሌ አይነሳም።
4. ዳሌያችሁን በሙሉ ኃይል አንሱ፤ ነገር ግን ወደ ጣሪያው ቀጥ ብሎ ሳይሆን እጁን ባሰራችሁበት ወገን በትከሻችሁ ላይ ሰያፍ አድርጋችሁ። ዓይናችሁም ወደዚያው ይይ።
5. ሲገለበጥ አብራችሁ ዙሩና እግሮቹ መካከል ተንበርከኩ፤ ወዲያው ክርናችሁን ሰብስቡ።

ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው ቁጥር 4 ላይ ነው፤ ቀጥ ብሎ የተነሳ ዳሌ ሰውዬውን ያወዛውዘዋል እንጂ አይጥለውም። ባይሳካም የእርምጃው ዋጋ አለው። ተጋጣሚው ሚዛኑን ለመጠበቅ ሲዘረጋ የእግሩ ጉልበት ቀለል ይላል። ያኔ በጎናችሁ ተኙ፣ በክርናችሁ ጉልበቱን ወደ ታች ግፉ፣ ዳሌያችሁን ወደ ኋላ አውጥታችሁ ጉልበታችሁን በተከፈተው ቀዳዳ አስገቡ። ሁለቱ ማምለጫዎች እየተፈራረቁ ነው የሚሠሩት። አንዱን ብቻ ደጋግሞ የሚሞክር ሰው ይደክማል።

ከጎን ሲጫኗችሁ ፍሬም ሥሩ። ቤት በባላ እንደሚደገፈው ሁሉ ክብደቱን በጡንቻ ሳይሆን በአጥንት ተቀበሉ፦ አንዱ ክንድ ከአገጩ ስር አንገቱ ላይ፣ ሌላው ዳሌው ላይ፣ ሁለቱም ክርን ታጥፈው። ትንሽ ዳሌ አንስታችሁ ክፍተት ስትፈጥሩ እሱን አትግፉት፤ ራሳችሁን ከእሱ አርቁ። ዳሌ ወደ ኋላ ሲወጣ የታችኛው ጉልበት በዚያ ቦታ ይገባል። ጀማሪ ከስር ሆኖ የላይኛውን ሰው አንገት አቅፎ መጭመቅ ይወዳል። ያ ክፍተቱን ይዘጋል፣ ክንዱንም ያስይዛል።

ጀርባችሁ ከተያዘ ከሁሉ በፊት አንገት። በትከሻችሁ ላይ የመጣውን እጅ በሁለት እጃችሁ ያዙና ወደ ታች ሳቡት፤ እግሮቹን ለማላቀቅ አትቸኩሉ፣ እግር አያንቅም። እጁን እንደያዛችሁ በብብታችሁ ስር ያለው እጁ ወዳለበት ወገን ተንሸራተቱ፣ ትከሻችሁን ምንጣፉ ላይ አሳርፉ፣ ከዚያ ወደ እሱ ዙሩ። ወደ አናቂው እጅ ወገን መውደቅ ማነቆውን ያጠብቀዋል።

ከሌላ ስፖርት ለመጡ

ትግል የለመደ ሰው ጀርባው መሬት እንዳይነካ ደመ ነፍሱ ያስገድደዋል፤ በደረቱ ይገለበጣል፣ ጀርባውን ይሰጣል፣ ይታነቃል። ሌላው ጣጣው ለመጣል ጎንበስ ሲል ራሱን ከተጋጣሚው ብብት ስር ማስገባቱ ነው፤ እዚያ ጊሎቲን የሚባለው ማነቆ ይጠብቀዋል። ራሱን ቀና አድርጎ ግንባሩን ደረት ላይ ወይም ጎን ላይ እንዲያጣብቅ ይልመድ። ከካራቴና ከቴኳንዶ የመጣ ደግሞ ርቀት ለመጠበቅ እጁን ይዘረጋል፣ እጅጌውን ያስይዛል። የክብደት ማንሳት ሰው ትልቁ ችግሩ ከስር ሆኖ መግፋት ነው፤ ያንን ከላይ ተናግረናል።

ዙሩ ሲያልቅ

እጅ ተጨባበጡ፣ ምስጋና አቅርቡ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። «ምን ላሻሽል?» የሚለው ሰፊ ስለሆነ መልሱም ሰፊ ይሆናል። «ማውንት ላይ ሳለሁ ክንዴን ያገኘኸው ምን ስሠራ ነው?» ብትሉ የሚጠቅም መልስ ታገኛላችሁ። «ጉልበቴን ብጠቀም ኖሮ»፣ «ደክሞኝ ነበር»፣ «ቀለል አድርጌልሽ ነው» የሚሉት ይቅሩ። ሰሚው በትሕትና ዝም ይላል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ሊያስተምራችሁ አይጓጓም።

ቤት ስትደርሱ ማስታወሻ ደብተር ላይ ሦስት መስመር ጻፉ፦ በምን እጅ እንደሰጣችሁ፣ ከዚያ በፊት የት ቦታ ላይ እንደነበራችሁ፣ ከዚያም በፊት ምን እንዳደረጋችሁ። ለምሳሌ፦ «አርምባር። ከማውንት። በሁለት እጅ ደረቱን ገፋሁ። ማውንት የደረሰው ጋርዴን አልፎ ነው፤ ጋርዴን ያለፈው እጅጌዬን ይዞ ሳላስለቅቅ ነው።» ጋርድ ማለት ከስር ያለው ሰው በእግሮቹ የሚከላከልበት አቋም ነው። የሚታረመው መጨረሻ ላይ የተጻፈው፣ ማለትም መጀመሪያ የሆነው ነው። አርምባርን እንዴት እንደሚያመልጡ አንድ ወር የሚያጠና ሰው እጅጌውን ማስለቀቅ ቢለምድ ኖሮ እዚያ አይደርስም ነበር። ከአስር ልምምድ በኋላ ደብተሩን አንብቡት፤ አንድ ቦታ ተደጋግሞ ይመጣል። የሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ሥራችሁ ያ ቦታ ነው።

ያንን ቦታ ለመሥራት አጋራችሁን «ማውንት ላይ ሆነህ ጀምር፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ እንሥራ» በሉት። ካመለጣችሁ ወይም እጅ ከሰጣችሁ ወደዚያው ተመለሱ። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ልምምድ ይበቃል። በመጀመሪያው ወር በየቀኑ የሚመጣ ሰው ጣቱ፣ አንገቱና ጎድኑ ታመው በሁለተኛው ወር ይጠፋል።

መሻሻልን በአሸናፊነት አትለኩ፣ አጋሮቻችሁም እየተሻሻሉ ነውና። ይልቅ ከአንድ ከምታውቁት ከፍ ያለ ቀበቶ ሰው ጋር በ5 ደቂቃ ስንት ጊዜ እጅ እንደምትሰጡ በየወሩ ቁጠሩ። ከአምስት ወደ ሁለት ከወረደ ብዙ ሄዳችኋል።

የሚከብዱት ቀናት

መንገድ ላይ «ጋሼ» ብሎ የሚጠራችሁ የ17 ዓመት ልጅ ምንጣፍ ላይ ያንቃችኋል። ከእናንተ በኋላ የጀመረ ሰው በስድስት ወር ይቀድማችኋል። ወንዶች በሴት መሸነፍን፣ ሴቶች ደግሞ አጋራቸው «ልጠንቀቅላት» ብሎ ሲቆምባቸው የሚሰማቸውን ንቀት ሁለቱንም ከባድ ይሏቸዋል። ለእነዚህ ቀናት የሚሠራው ቀላል ነገር ነው፦ ወዲያው ከዚያው ሰው ጋር ሌላ ዙር አትጠይቁ። እልህ በያዘው ሰውነት የተሠራ ሁለተኛ ዙር አንዱን ይጎዳል። ውኃ ጠጡ፣ አንድ ዙር ተቀምጣችሁ ተመልከቱ፣ ከዚያ ከሌላ ሰው ጋር ግቡ። ወደ ልጁ በሚቀጥለው ልምምድ ተመለሱና ማነቆውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ ያኔም «ጋሼ» ነው የሚላችሁ።

ቀበቶ ከተቀየረ በኋላም ይህ አይቀርም። ሰማያዊ ቀበቶ በተሰጠ ማግስት ነጭ ቀበቶዎች አጥብቀው ይመጣሉ፤ አንዱም ይሳካለታል። በፌዴሬሽኑ ደንብ ለአዋቂ ከሰማያዊ ወደ ሐምራዊ ቢያንስ 2 ዓመት፣ ከሐምራዊ ወደ ቡናማ 1 ዓመት ተኩል፣ ከቡናማ ወደ ጥቁር 1 ዓመት መቆየት ያስፈልጋል፤ በተግባር ብዙዎች ጥቁር ለመድረስ አስር ዓመት ገደማ ይፈጅባቸዋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከታች ላለ ቀበቶ እጅ አልሰጥም ያለ ሰው አዲስ ነገር መሞከር ያቆማል፣ የለመዳቸውን ሦስት አራት ነገሮች ብቻ ይዞ ይቀራል።

የመጀመሪያው ውድድር

ነጭ ቀበቶ የአዋቂ ግጥሚያ 5 ደቂቃ ነው። መጣል፣ ከስር ገልብጦ ከላይ መሆንና ጉልበትን ሆድ ላይ ማሳረፍ 2 ነጥብ፣ ጋርድ ማለፍ 3፣ ማውንትና ጀርባ መያዝ 4 ነጥብ ያስገኛሉ። በፌዴሬሽኑ ውድድሮች ሚዛን የሚለካው ጊ ለብሶ፣ ከግጥሚያው ጥቂት ቀደም ብሎ ነው፤ ከተመዘገባችሁበት ክብደት ካለፋችሁ ትሰረዛላችሁ። ስለዚህ ቤት ስትመዘኑ የጊውን ክብደት ጨምሩ።

የብዙ ሰው የመጀመሪያ ውድድር አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል፣ ቤተሰብና ጓደኛ በተገኘበት። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ችሎታ ሳይሆን ፍርሃት የፈጠረው ችኮላ ነው፤ ክንዱ ገና ሰላምታ ሲሰጥ ደንድኗል። ከግጥሚያው 20 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ እስኪያልባችሁ ሰውነታችሁን አሙቁ፣ ቀዝቃዛ ሆናችሁ አትግቡ። አንድ ዕቅድ ብቻ ያዙ፦ መጀመሪያ የምትይዙት ቦታና ከዚያ የምትሄዱበት። ግጥሚያውን በስልክ አስቀርጹ፣ ቪዲዮውን ግን ከሁለት ቀን በኋላ ተመልከቱ። በዚያው ምሽት የሚያይ ሰው የሚያየው ውርደቱን ብቻ ነው።

ሽንፈት ያልሆነው

እጅ ከሰጣችሁ በኋላ መቆለፊያውን ይዞ የሚቆይ፣ ጀማሪን ለማስቂያ የሚያስጨንቅ፣ «ታፕ አትበሉ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህ የስልጠናው ክፍል አይደለም። ከእሱ ጋር ዙር አልሠራም ማለት መብታችሁ ነው፣ «ዛሬ ይለፈኝ» ብቻ ይበቃል። አሠልጣኙ ነገሩን እያየ ዝም ካለ ወይም እሱ ራሱ ካደረገው ማሠልጠኛውን ቀይሩ፤ የወር ክፍያ ተከፍሏል ተብሎ አይቆይም።

ታንቆ ራሱን የሳተ ሰው ወዲያው ይለቀቅ፣ በጎኑ ይተኛ፤ በጥቂት ሰከንዶች ካልነቃ አምቡላንስ ይጠራ። ቢነቃም የዚያን ቀን ልምምዱ አብቅቷል። ክርን ወይም ጉልበት «ቋ» ብሎ ከተሰማ፣ ባያምም እንኳ አቁሙ፤ እብጠቱ የሚመጣው ሌሊት ነውና በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ለ15 ደቂቃ ያዙበት፣ በማግስቱ ካበጠ ሐኪም ይየው። እጅ ወይም ጣት ከደነዘዘና ከአንገት የሚነሳ ሕመም ካለ ግን ማግስቱን አትጠብቁ። ስትመለሱ የመጀመሪያውን ሳምንት ቴክኒኩን ብቻ ሥሩ፣ ዙር ሲጀመር ግድግዳው ጋ ተቀመጡ፤ በሁለተኛው ሳምንት ከአንድ ቡናማ ቀበቶ ሰው ጋር፣ ጉዳታችሁን አስቀድማችሁ ነግራችሁት፣ አንድ ዙር ብቻ ግቡ።